የከድሩ ብልቃጥ

ሰዓዳ ሁለት ብልቃጦች በሻሿ ሸፍና ለምርመራ ተሰልፋለች። አንዱ ላይ የሷ፣ ሌላው ላይ የአባቷ የከድሩ ስም ተጽፏል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሽንት ግን የሷ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪም በአዋሽ ዳር ያለውን የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ መመርመር ከጀመሩ ሳምንታቸው ነው። አፋሩን፣ ከወሎ የመጣውን፣ ከሸዋ የወረደውን ለየብቻ ይመዝናሉ፤ ምን እንደሚበላ ይጠይቃሉ። የስኳር በሽታ የትኞቹ ላይ እንደሚበዛ፣ ከምግባቸውም ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማወቅ ነው ተብሏል። ትራክተር ነጂው ከድሩ የሰማው ወሬ ግን ሌላ ነው፦ በሽታ የተገኘበት ሰው ትራክተር አይነዳም። ጠዋት ብልቃጡን ወደ ልጁ ገፋ አድርጎ «አንቺ ሙዪልኝ» ያላት ለዚህ ነው።

እሺ አለችው። አሁን የሚያንገበግባት ያ እሺታዋ ነው። አባቷ አንድ እንስራ ውሃ ለብቻው ይጨርሳል። ቀበቶው እየሰፋው በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ በምስማር በስቶታል። ከአጥሩ ጥግ እሱ የሚሸናበት ቦታ ስኳር የፈሰሰበት ይመስል ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ጎረቤት እንዳያይ አመድ የምትበትንበት እሷ ናት።

የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ አምባዬ፣ ከሁለቱም ብልቃጥ ጠብ ጠብ አድርጎ ከሰማያዊ መመርመሪያ መድኃኒት ጋር አፈላው። ስኳር ቢኖርበት መቅላት ነበረበት። ሁለቱም ሰማያዊ እንደሆኑ ቀሩ።

«አንቺም አባትሽም ደህና ናችሁ» አለና ሳቀ። «ሻዩን በስኳር የምታጣፍጡት እናንተ ወሎዎች፣ እስካሁን አንድም በሽተኛ አልተገኘባችሁም።»

ውጤቱን ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። ሰዓዳ ፈራች። ከአባቷ ቁጣ ይልቅ ያ ቀዳዳው የበዛ ቀበቶ አስፈራት።

«ጋሼ አምባዬ፣ የአባቴን አይጻፉት። የሱ አይደለም።»

አምባዬ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና የአባቷን የራሱን ሽንት እስክታመጣ እስከ ቀትር እንደሚጠብቅ ነገራት። የአባቷን ብልቃጥ ደፍታ አለቀለቀችው፤ ወደ ትራክተሮቹ ማቆሚያ ሄደች።

ከድሩ ከትራክተሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከቅል ውሃ ይጠጣል። ባዶውን ብልቃጥ አጠገቡ ስታኖረው ፊቱ ተለዋወጠ። ነገርሻቸው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አልካደችም። ብዙ ተቆጣት፤ ሥራዬን ብነጠቅ ምን ልትበሉ ነው አላት።

«እስኪሞሉት እጠብቃለሁ፣ አባ» አለች።

ከዚያ ሲሞላ እንዳታየው ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።