ደንዲ ዳገት ላይ የታፈነው ሞተር

እኔ ቃልቻ ደጅ ደርሼ የማላውቅ፣ ጴንጤ ቤት ያደግኩ የአምቦ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ፣ ሞተር የሚበላሸው ምክንያት ስላለው ነው ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ፣ እና ይህን ስነግራችሁ የማጋንን እንዳይመስላችሁ።

ሞባይል ገና በየሰዉ እጅ ሳይገባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለሜሳ ጊንጪ ሜዳ ላይ ለሚደረግ የሞተር ውድድር ይለማመድ ነበር፣ ሞተሩ ግን ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና ዳገት ላይ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጠው ታፍኖ ይጠፋል። በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወደ ደንዲ ሐይቅ በሚያወጣው መንገድ ልንሞክረው ሄድን፣ እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ፣ ዳገቱ አናት ላይ እንደደረስን ያው ጠፋ፣ ጉምም ወረደብን።

ከታንኩ የሚወርደውን የቤንዚን ጎማ ነቀልኩ፣ ቤንዚኑ ይፈሳል። የታንኩን ክዳን መተንፈሻ አየሁ፣ ክፍት ነው። ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡራተር ስፈታው ግን ሆዱ ደረቅ! ቀዳዳዎቹን በአፌ ነፋኋቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ቤንዚኑ እስከ በሩ መጥቶ አልገባም ያለ ይመስላል።

መልሼ ስገጥመው ሌላ ሞተር ከታች ሲወጣ ሰማን፣ እኛ ጋ ሊደርስ ሲል እንደኛው ታፍኖ ጠፋ።

"ይሄም የኛ በሽታ አለበት!" ብሎ ሳቀ ለሜሳ፣ "ኮቱ፣ አስ ጅርራ!" ና፣ እዚህ ነን፣ ብሎ ተጣራ።

ሞተር የሚገፋ ሰው ኮቴ፣ የሞተር ካቴና ቅጭልጭልታ፣ ከዚያ የቤንዚን ሽታ፣ እመኑኝ በመሀላችን አለፈ፣ ለሜሳን ፊት ለፊቴ አየዋለሁ፣ በመሀላችን ግን ማንም የለም። ኮቴው ወደ ሐይቁ በኩል ቁልቁል ወርዶ ጠፋ።

ለሜሳ በድንጋጤ ሞተሩን ቢረግጠው ባንዴ ተነሳ፣ ነዳጅ ሲሰጠው አገሳ።

"ውጣ፣ እንሂድ!"

"አጥፋው፣ እየገፋን እንወርዳለን" አልኩት፣ መሪውን ይዤ።

በዚያው በኩል ወርደን ኩርባውን ስንዞር አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገዱ ላይ እሾህ ሲጎትት አገኘን፣ ከጀርባው መንገድ የሚባል የለም፣ ዝናቡ ቆርጦ ገደል ከቶታል።

"ሁለት ልጆች ይመጣሉ፣ ዝጋላቸው ያለኝ ሰው የናንተ ነው?" አለን።

"የታለ፣ ኦቦ?"

"በጉሙ መች አየሁት፣ ሞተሩን እየገፋ አለፈ።"

"በየት በኩል?"

ሽማግሌው ዞሮ ገደሉን አየ።

ለሜሳ ተወዳደረ፣ አላሸነፈም፣ ሞተሩም ከዚያ ወዲህ ታፍኖ አያውቅም፣ ምን ነክቶት እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ሲስቅ በሰማሁት ቁጥር ተመስገን እላለሁ፣ ደረቴ ቅልል ይለኛል። ብቻ አንዳንዴ፣ ለእኛ መንገዱን ያዘጋልን ያ ሰው፣ ለእሱስ በጊዜው የዘጋለት ሰው ነበር ወይ እላለሁ።