ለዮሲ የሚሆን የምትሀት መጽሐፍ

አንድ ቀን እነትርሲት ትምህርት ቤት አንድ ምትሀተኛ መጣ። ባዶ እጁን አሳየ። ከዚያ ከጆሮው ውስጥ ረጅም ቀይ መሀረብ መዞ አወጣ!

ትርሲት አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔም ምትሀት መማር አለብኝ!» አለች።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሮጠች።

መጻሕፍቱን የሚጠብቁት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። መነጽራቸው ሁልጊዜ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው፤ ግን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። እሱም ራሱ ምትሀት ሳይሆን አይቀርም።

«እትዬ፣ ምትሀት የሚያስተምር መጽሐፍ አለ?»

«ሦስት አለን» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አንዱን መርጠሽ ትወስጃለሽ። ግን ልጠይቅሽ፤ የምታሳዪው ለማን ነው?»

«ለሁሉም ሰው!» አለች ትርሲት። ብዙም አላሰበችበትም።

አንዱ መጽሐፍ ወፍራም ነው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ጀርባው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። አንዱ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ የወርቅ ከዋክብት ያብለጨልጫሉ።

ትርሲት የትኛውን መረጠች? አዎ፣ የሚያብለጨልጨውን! ገልጣ እንኳ አላየችውም።

ጥቁሩ መጽሐፍ የሚያስተምረው ዕቃ ማጥፋት ነው። ትርሲት መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። እፍ! እፍ! ጠፋ!

ትርሲት ታናሽ ወንድም አላት። ዮሲ ይባላል። ዮሲ አንዲት ሰማያዊ የሸሚዝ ቁልፍ አለችው። ከአባዬ ሸሚዝ ላይ የወደቀች ቁልፍ ናት።

አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዕቃ ሊጭን ሩቅ አገር ከሄደ ሰነባብቷል። ዮሲ ሲተኛ ቁልፏን ጭብጥ አድርጎ ነው የሚተኛው።

«ዮሲዬ፣ ቁልፍህን አንዴ ስጠኝ። ምትሀት ላሳይህ!» አለች ትርሲት።

ዮሲ አመነታ። ከዚያ ሰጣት።

«እፍ! እፍ! ጠፋች!»

ትርሲት ጭብጨባ ጠበቀች። ማንም አላጨበጨበም። የዮሲ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ «እህህህ!» ብሎ አለቀሰ።

«ይኸው! ይኸው፣ አለች!» ትርሲት ቶሎ እጇን ከፈተች። ዮሲ ቁልፏን ነጥቆ ደረቱ ላይ ያዛት።

«ትርሲትዬ» አለ እንባው እየወረደ። «አባዬንም እፍ ብለሽው ነው?»

ትርሲት እንባውን ጠረገችለት። እሷም አባዬ ናፍቋታል።

በማግሥቱ ጥቁሩን መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች።

«ምነው፣ በአንድ ቀን ጨረስሽው?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ይሄ መጽሐፍ ያጠፋል እንጂ አይመልስም» አለች ትርሲት።

እትዬ ጥሩወርቅ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «እንግዲያው እንደገና ልጠይቅሽ። የምታሳዪው ለማን ነው?»

አሁን ትርሲት አሰበች። አሰበች፣ አሰበች። «ለዮሲ። ለትንሹ ወንድሜ።»

«ዮሲን ደስ የሚለው ምንድን ነው?»

«የሄደ ነገር ሲመለስ» አለች ቀስ ብላ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ! በይ ነይ፣ አብረን እንፈልግ።»

ወፍራሙን ገለጡት። አንዱ ገጽ ላይ አንድ ሰውዬ አንዲት ሴትዮ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ በመጋዝ ይቆርጣታል!

«በስመ አብ!» እትዬ ጥሩወርቅ መጽሐፉን ድው! አድርገው ዘጉት። «ይሄስ እኔንም አያስተኛኝ!»

ቀጭኑን ገለጡት። ሥዕሎች አሉት። ፊደሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ትርሲት ራሷ ማንበብ ቻለች። የሚያስፈልገው አንድ ቆርኪ ብቻ ነው። ቆርኪ ደግሞ በየደጁ ሞልቷል።

«ቆርኪው ይጠፋል?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ይጠፋል።»

«ይመለሳል?»

ትርሲት ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። «ይመለሳል! ከጆሮ ጀርባ ይመጣል!»

«በቃ፣ ያንቺ መጽሐፍ ይሄ ነው።»

ትርሲት ቤት ገብታ ልምምድ ጀመረች። እፍ! እፍ! ቂው! ቆርኪው ወደቀ። እፍ! እፍ! ቂው! አልጋ ሥር ገባ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

«ምትሀት ነው፣ እማዬ!»

«ምትሀት እንዲህ ይጮኻል እንዴ?» እማዬ ሳቀች። «በርቺ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ትርሲት በረታች። እፍ! እፍ! አሁን ቆርኪው አልወደቀም።

«ዮሲ፣ ና እስኪ።» ዮሲ ቁልፏን ከኋላው ደበቀ። ትርሲት ግን ቁልፏን አልጠየቀችውም።

«እፍ! እፍ! ጠፋ!» የዮሲ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እፍ! እፍ! መጣ!» ቆርኪው ከዮሲ ጆሮ ጀርባ ወጣ!

ዮሲ ጆሮውን ዳሰሰ። ሌላኛውንም ዳሰሰ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ! «ድገሚው!»

ደገመችው። ዮሲ ቁልፏን አየት አደረጋት። ከዚያ እጁን ዘረጋና ሰማያዊዋን ቁልፍ ሰጣት። «በዚችም አድርጊ» አላት።

ትርሲት በጣም ተጠነቀቀች። «እፍ! እፍ! ጠፋች! እፍ! እፍ! መጣች!»

ምትሀተኛ ምስጢሩን አይናገርም። መጽሐፉም እንደዚያ ይላል። ትርሲት ግን ወንድሟን አየችው፤ ወደ ጆሮውም ተጠጋች።

«ጠፋች ስልህ አልጠፋችም። እጄ ውስጥ ነበረች። አንተ ስላላየሃት ነው።»

«አባዬስ?» አለ ዮሲ።

«አባዬም አልጠፋም። መንገድ ላይ ነው። እኛ ስላላየነው ነው እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ዮሲ በየማታው በር ላይ ቆሞ «እፍ! እፍ!» ይላል። አባዬ አይመጣም። «መንገድ ላይ ነው» ይልና እራቱን ሊበላ ይገባል።

አንድ ማታ እራት እየበሉ ሳለ፣ ዮሲም እፍ ሳይል፣ ከደጅ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

ጡጥ! ጡጥ!

«መጣ!» አለች ትርሲት። «መጣ!» አለ ዮሲ። «መጣ!» አለች እማዬ፤ ማንኪያዋን እንደያዘች ሮጠች።

አባዬ ሁለቱንም ልጆች አንድ ላይ አቀፋቸው። ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ዮሲ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «አባዬ፣ ምትሀት ላሳይህ። እፍ! እፍ! ጠፋች!»

«ውይ! የት ሄደች?» አባዬ ትራሱን አነሳ። ጫማው ውስጥ ፈለገ። አልጋ ሥርም አየ።

ዮሲን አባዬ አሳዘነው። ወደ አባቱ ጆሮ ተጠጋ። «አይዞህ አባዬ። አልጠፋችም። እጄ ውስጥ ናት» አለውና ቁልፏን ሰጠው።

እማዬ ቁልፏን ሸሚዙ ላይ መልሳ ሰፋቻት። ትርሲት ቀጭኑን መጽሐፍ ዘጋች።

ዮሲም ተኛ። ዛሬ እጁን አልጨበጠም። ከፍቶት ነው የተኛው።