ለከርሞ ይደር

ጠጋ በሉ እስቲ፣ የአንዲት ልጅ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

የዘበኛ ልጅ ናት። ዛሬ እግዚአብሔር ሰጥቷት፣ ከመንግሥት የሚመጣውን ገንዘብ ለየሰፈሩና ለየትምህርት ቤቱ የምታከፋፍል የበጀት ኃላፊ ሆናለች። ድሮ አንድ መምህር ወዳ ሊጋቡ ሲሉ፣ እናቱ «የዘበኛ ልጅ ለኔ ልጅ?» ብለው አባቷን ፊት ለፊት አዋረዷቸው። መምህሩ ጫማውን እያየ ዝም አለ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያ ዝምታ ነው ያረዳት።

እሱ አሁን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ጣሪያው ያፈስበታል፤ ዝናብ ሲመጣ የሁለት ክፍል ልጆች አንድ ክፍል ይታጨቃሉ። ደጅ ሊጠናት ሲመጣ፣ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ በመስታወቱ ታየዋለች። ከስቷል። «ይግባ» ልትል ስትል የአባቷ ፊት ድቅን ይልባታል።

«ስብሰባ ላይ ናት በሉት። ይጠብቅ፣ እኔም ጠብቄያለሁ» ትላለች ለሠራተኞቿ።

ትምህርት ቤቶቹ በጀታቸውን በሚያስረዱበት ቀን የእሱ ተራ ደረሰ። ገና አፉን ሳይከፍት፣

«የዚህኛው ጣሪያ ለከርሞ ይደር» አለች።

«ምነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ገንዘቡ አይበቃም።»

«ይበቃል» ብሎ ተነሳ እሱ። «ቂሟ ከኔ ጋር ነው። እናቴ አባቷን ስታዋርድ አፌን ይዤ የቆምኩ ወራዳ እኔ ነኝ። እኔን አባሩኝ፤ ልጆቹ ምን በደሉ?»

ስንት ዓመት የተመኘችው ቃል፣ ሲመጣ አላስደሰታትም። ፊቷ ቀላ።

«ጣሪያው ይሠራ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ደረጃው ላይ ሮጦ ደረሰባት።

«እናቴን ይዤ ልምጣ። አባትሽ እግር ላይ እንውደቅ።»

«አባቴ እግር ላይ?» ሳቀች፣ ሳቅ ከተባለ። «ከሞተ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው። ‹ያ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ያናግረኛል› እያለ በር በሩን ሲያይ ሞተ።»

እጁን ዘረጋ። ዓይኗ እንባ እንደሞላ አየችው።

«ልጆቹን ምሬልሃለሁ» አለችው። «አንተን ግን ብወድህም አልምርህም።»

ጥላው ወረደች።

ጣሪያው ተሠርቷል። እሷም አላገባች፣ እሱም አላገባ። እናንተዬ፣ ለጸሎት ስትቆሙ እነዚህን ሁለት ልጆች አስቡልኝ።