የብሩክታይት ልብ

በሶዶ ከተማ የቅቤ ነጋዴዋ ቦሼና የባሏ የመምህር ኤርሳዶ ቤት ጎረቤት ሁሉ የሚቀናበት ነበር። የበኩር ልጃቸው ቶማ ሲሮጥ መሬት የሚረግጥ አይመስልም፤ ታናሽ እህቱ ብሩክታይትም እግር በእግር ትከተለዋለች። ደስታ ግን መች አንድ ቤት ይሰነብታል! ቶማ በዞኑ ውድድር ሁሉንም ቀድሞ፣ ለእናቱ እጁን እያውለበለበ ሲመጣ፣ መጨረሻው ጥቂት ሲቀረው በደረቱ ተደፋ። ቦሼ ሮጣ ስትደርስ ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ነበሩ፤ ልቡ ግን... ወየው! ልቡ ቆሟል።

ከቀብር መልስ ኤርሳዶ በለቀስተኛው ፊት ጣቱን ቀሰረባት።

«ተማር ስለው ሩጥ ያልሽው አንቺ ነሽ። ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ!»

ሩጥ ማለቱንስ ብላዋለች። ቃሏን ዋጥ አድርጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ እየተላለፉ ዓመታት ነጎዱ።

ብሩክታይት ግን መሮጧን አልተወችም። ንጋት ላይ ዳሞታ ተራራን ስትወጣና ስትወርድ ኖራ፣ በሚሊኒየሙ ማግስት አንድ የአዲስ አበባ ክለብ መረጣት። ምን ዋጋ አለው! የክለቡ ሐኪም በአልትራሳውንድ ሲያያት የልቧ ግድግዳ ወፍሮ አገኘው፤ የልብ ስፔሻሊስት ሳያያት አትሮጥም ተባለ።

«እሷንም ልትቀብሪያት ነው?» አለ ኤርሳዶ።

«ላስመረምራት ነው» አለች ቦሼ። «አባት ከሆንክ ተከተለን።»

ተከተላቸው።

ስፔሻሊስቱ ዶክተር ወልደመስቀል ነገሩን አስረዳቸው። «የሯጭ ልብ በልምምድ ብዛት ይወፍራል፤ በሽታም ያወፍረዋል። ተኝታ ስናየው ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ልብ ጉዱን የሚያወጣው ሥራ ሲበዛበት ነው፤ ስለዚህ አሩጠን እናየዋለን።»

ብሩክታይት መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጣች። ፍጥነቱ ሲጨመር፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ለቦሼ ሁለተኛዋ ልጇም ዓይኗ እያየ የምትወድቅባት መሰላት። «በቃ!» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ልጅቷ በደከመች ጊዜ ወዲያው በግራ ጎኗ አስተኟት፤ ሐኪሙ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ሲያሳርፍ ልቧ በስክሪኑ ላይ ተገለጠ። እንዴት ያለ ልብ! ቡጢ ይመስል ይጨበጣል፣ ይፈታል፣ ይጨበጣል...

«ይኸውልዎ እናቴ» አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ። «ሥራ ሲበዛበት በረታ እንጂ አልላላም። ደሙንም የሚያግድበት ነገር የለም። ይህ የታመመ ልብ አይደለም፤ የሯጭ ልብ ነው!»

ቦሼ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። ያ ልብ መጀመሪያ የመታው በእሷ ማህፀን አልነበረምን?

ዶክተሩ ግን የቶማን አሟሟት ሰምቶ ወላጆቹንም ካልመረመርኩ አለ። የቦሼ ልብ ጤነኛ ነበር። የኤርሳዶ ግን ታሞ ተገኘ፤ ግድግዳው ወፍሮ የደሙን መውጫ አጥብቧል።

«የልጅዎን ልብ ስላላየሁ እርግጠኛ መሆን አልችልም» አለ ዶክተሩ በቀስታ። «ግን ይህ በሽታ በዘር ይተላለፋል።»

መምህሩ እዚያው ተንበረከከ።

«የቶማ እናት... ከእኔ ነው የወረሰው። እኔ ነኝ፣ እኔ...»

ያን ሁሉ ዓመት የዋጠችውን ቃል ብትመልስለት ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ክንዱን ይዛ አነሳችው።

«ቁመትህንም ወርሷል፣ ሳቅህንም ወርሷል። የሰጠኸው አውቀህ ነው? አምላካችን ጦሳ ያውቃል። ተነሳ፤ ልጅህ እያየችህ ነው።»

በዓመቱ ብሩክታይት ሐዋሳ ላይ አሸነፈች። መድኃኒት ላይ የነበረው ኤርሳዶ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብሎ፣ «እናቷ ናት! ለዚህ ያበቃቻት ይህች ሴት ናት!» እያለ የቦሼን እጅ ወደ ላይ አነሳው። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።

ክረምቱ ሳይወጣ ያ የታመመው የኤርሳዶ ልብ በእንቅልፉ አረፈ። በለቅሶው ላይ ዘመድ አዝማድ፣ «ልጅቷ እንኳ ትትረፍልሽ፣ ሩጫውን ታቁም» አላት። ሞት ሲያሰኘው የሮጠውን፣ ሲያሰኘው የተኛውን ይወስዳል፤ ከቀን ጎዶሎ ማን ይሸሸጋል? ቦሼ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ቀና አለች።

«ልቧን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ትሮጣለች!»