በጥድፊያ የተሰማ ድምፅ

ሲምቦ ፈንታውን በዓይኗ ከማየቷ በፊት በድምፁ ታውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ድምፅ እንደ ተፈጥሮው ሰምታው አታውቅም፤ ይህንንም ሳትገነዘብ ብዙ ወራት አለፉ።

የምትሠራው ጅቡቲ ከተማ፣ ለወደቡ ቅርብ በሆነ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች «ኮንቴነሬ ወጣ ወይ? የት ልጠብቅ?» እያሉ ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልኩላታል። በበረሃው መንገድ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ መደወል አይመችም፤ እጃቸውም መሪ ላይ ስለሆነ መጻፍ አይችሉም። መልእክቱ ሲበዛባት አንድ ቀን ድምፅን በእጥፍ ፍጥነት የሚያሰማውን ምልክት ተጫነች፤ ጊዜ ስላተረፈላትም መልሳ አልነካችውም። እየቆየችም ለምዳው ረሳችው። የድሬዳዋ ልጅ ናትና የንግግር ጥድፊያ አያስጨንቃትም። ቢሮ ድረስ የሚመጡ ሾፌሮች ዘገም ብለው ሲናገሩ ስትሰማ፣ መንገዱ አድክሟቸው ነው እያለች ታዝንላቸው ነበር።

ፈንታው የደሴ ሰው ነው። የእርሱን መልእክት ከሌሎቹ የሚለየው፣ የሥራው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚጨምር መሆኑ ነው።

«እህት ሲምቦ፣ ዲኪል ደርሻለሁ። አንድ ግመል አስፋልቱ መሃል ተኝቶ አልነሣም ብሏል። ባለቤቱም አጠገቡ ተቀምጧል። ሁለቱም እኔን ያዩኛል። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

ሲምቦ ብቻዋን ሳቀች። «አቦ፣ ምላስህ እኮ ከመኪናህ ይፈጥናል!» ብላ መለሰችለት።

ፈንታው ይህን ሲሰማ መኪናውን ጥግ አስይዞ ደግሞ አዳመጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ በዝግታው ሲቀለድበት የኖረ ሰው ነው። እናቱ እንኳ «አንተ ሰላምታህን እስክትጨርስ እንግዳው ቤቱ ይገባል» ትለው ነበር። የሲምቦንም ቃል እንደ ቀልድ ወሰደው፤ በዝግታው እንዲህ ሳያሳምም የቀለደበት ሰው ግን አልነበረም። በዚያ ወደዳት። እርሷም በበኩሏ ቀልጣፋና ተጫዋች የሆነውን ሰው ወደደች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ሲል ላከላት፦ «ዛሬ ባሕሩን ሊሻገሩ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች አገኘሁ። ውሃ ሰጠኋቸው። የአንደኛዋ ድምፅ ያንቺን ይመስላል።» ሲምቦ «ጎበዝ!» ብላ ወደሚቀጥለው ሾፌር አለፈች።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ተቀጣጠሩ። በምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር የሚቀርበውን የየመን ዓሣ አዘዙ። ፈንታው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ለሰላምታ እጇን እንደያዘ ዝም ብሎ አያት።

«ምነው? የጠበቅካት ሌላ ናት እንዴ?» አለች ሲምቦ።

«አይ…» አለና ቆየ። «እኔ እንኳ…»

«ሙቀቱ ነው፣ ገባኝ! ና፣ ቬንቲላተሩ ሥር እንቀመጥ።»

ተቀመጡ። «የግመሉስ ነገር እንዴት ሆነ?» ስትለው «ግመሉ…» ብሎ ሲጀምር «ተነሣ?» አለችው። «ተነሣ» አለ። ጨዋታው በዚያው አለቀ። ፈንታው አቀርቅሮ የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ያ በስልክ ውስጥ ሲንበለበል የነበረው ሰው የት ሄደ? መልኬን አልወደደውም፣ ቃል እየመረጠ ነው፣ ስትል አሰበች።

«ሲምቦ» አለ ቀና ብሎ፤ «አዳማ ያለ አንድ ድርጅት… የአገር ውስጥ መሥመር ሊሰጠኝ ነው። እስከ ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ። ከተቀበልኩ… ወደዚህ አልመጣም። እኔ ግን…»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ዝምታው ለሲምቦ እጅግ ረዘመባት። የስንብት ቃል መስሏት ከእርሱ አፍ ከምትሰማው ራሷ ቀድማ ልትለው ፈለገች።

«ግን ምን አለው? ተቀበል እንጂ! ሙቀት የለ፣ ኬላ የለ፣ የኔ ጭቅጭቅ የለ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ የሌላ ሰው ሳቅ መሰላት።

ፈንታው ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። «እሺ» አለ።

ሳምንቱን ሲምቦ ከሾፌሮቹ ሁሉ ጋር ስትጣላ ሰነበተች። አጠገቧ የምትሠራው ማይሙና የጅቡቲ ተወላጅ ስትሆን አማርኛን የተማረችው ካርቲየ 5 ከጎረቤቶቿ ነው።

«ስልክ ውስጥ ያለው ሌላ፣ የመጣው ሌላ!» አለቻት ሲምቦ።

«ወንድሙን ልኮልሽ ይሆናላ!» አለች ማይሙና። «ወላሂ፣ የኔም ባል ለሽምግልና የላካቸው ከእርሱ ያምሩ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት የፈንታው መልእክት ገባ። «ጭኜ ወጥቻለሁ። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። ደህና ሁኚ።» ሲምቦ ሰምታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ምን አለ? እስቲ ልስማው» ብላ ማይሙና አነሣችው። አዳመጠችና ፊቷን አጨማደደች። «አባዮ፣ እህቴ፣ ይህ አማርኛ ነው ወይስ ዝናብ? ሰውየውን ለምን ታስሮጪዋለሽ?» አለችና ምልክቱን ተጭና ድምፁን ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ መለሰችው።

ከስልኩ የወጣው የዓርቡ ሰው ድምፅ ነበር። «ስለ ሁሉም…» ይላል፤ ይቆያል፤ ይተነፍሳል፤ «አመሰግናለሁ» ይላል።

ሲምቦ ስልኩን ነጥቃ ወደ ኋላ ተመለሰች። የግመሉን ታሪክ ሰማች፤ ቀልዱ በዝግታ ሲነገር ከበፊቱ ይበልጥ ያስቃል። የልጆቹን ሰማች። «ልጆች አገኘሁ» ካለ በኋላ ረጅም ዝምታ ነበር፤ በዝምታው ውስጥም ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ከበስተኋላ፣ ያኔ የሬዲዮ ድምፅ መስሏት ያለፈችው ቀጭን ድምፅ «እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ» ይላል። በእርግጥም ድምፁ የእርሷን ይመስል ነበር። «ጎበዝ» ብላ ያለፈችው ይህን ነበር። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

ያን ጊዜ የዓርቡን ገበታ አስታወሰች። እሾሁ ተለቅሞ የጠራው ሥጋ ሁሉ የተከመረው በእርሷ በኩል ነበር።

ወዲያው ደወለች።

«ፈንታው፣ የት ደረስክ?»

«ዲኪል… ልገባ ነው።»

«በናትህ መኪናውን አቁም። ለድርጅቱ መልስ ሰጠህ?»

«ገና… አሁን ልደውልላቸው ነበር።»

«ዓርብ ዕለት ‹እኔ ግን› ብለህ ጀምረህ ነበር። ጨርስልኝ። አላቋርጥህም።»

ማይሙና አፏን ስትከፍት ሲምቦ በመዳፏ ከደነችው። ከማዶ ሞተሩ ሲጠፋ፣ በሩ ሲከፈት፣ ነፋሱ ሲያፏጭ ተሰማ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ቀድሞ በራሷ ቃል ትሞላው ነበር። አሁን ግን ባዶ አለመሆኑን አወቀች፤ በውስጡ አንድ ሰው ወደ እርሷ እየመጣ ነበር።

«እኔ ግን» አለ ፈንታው፤ «አንቺ የሌለሽበት መንገድ… የትም ቢሆን ይረዝምብኛል። አዳማን እተወዋለሁ። ብትፈቅጂ… ድሬዳዋ እናትሽ ዘንድ… ሽማግሌ ልላክ?»

ሲምቦ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ሲምቦ? መሥመሩ… ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። እንዳንተ እያሰብኩ ነው!»

ማይሙና የሲምቦን መዳፍ ከአፏ ላይ አንሥታ «እሺ በይው እንጂ፣ አባዮ! ሾፌሮቹ እየጠበቁ ነው!» ስትል ጮኸች።

«እሺ» አለች ሲምቦ። «ላክ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲምቦ በሥራ ብዛት ካልተጣደፈች በቀር እያንዳንዱን ሾፌር በራሱ ፍጥነት ታዳምጣለች። ቁጡ የመሰላት አንዱ ሳሉ እያቋረጠው የሚናገር ሕመምተኛ መሆኑን ያወቀችው እንዲህ ነው፤ አሁን ከሁሉ አስቀድማ «ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች።

ሠርጉ ድሬዳዋ ላይ ሆነ። ሽማግሌው ተነሥተው «ልጄ ፈንታው፣ ሲምቦን ወደህና ፈቅደህ ታገባታለህ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ፈንታው ቀና አለ፤ ዝም አለም። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። የሲምቦ እናት መቀነታቸውን ጨበጡ፤ ሽማግሌው ጥያቄውን ሊደግሙት አፋቸውን ከፈቱ።

ሙሽራዋ ግን ፈገግ ብላ እጇን አነሣች።

«ቆዩ፣ አባባ» አለቻቸው፤ «እየመጣ ነው።»