«ይመጣል» የተባለችው ፈታይ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመለስም፤ እኔ ይህን መንደር አውቀዋለሁ። ሾፌራችሁ ሻማ ሊገዛ ሄዷል አላችሁ? ደግ አደረገ። እስኪመለስ ነገ የምትወጡትን የአምባውን ነገር ላጫውታችሁ። ግንቡን አይታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ብትወርዱ ማን ከልካይ አላችሁ? ግን ሳያውቁ መውጣት አለ፣ አውቆ መውጣት አለ።

በዚያ ዘመን፣ የዛሬን አያድርገውና፣ አምባው ላይ ንጉሥ ይኖር ነበር። መውጫው አንድ ነው፤ ሰው በሰው ላይ የማያሳልፍ የገደል መንገድ። ጫፉ ላይ በር አለ፣ በሩ ላይ በረኛ አለ። ከበሩ ወዲያ አዳራሹ፣ እልፍኙ፣ የእመቤቲቱ ቤት። ባላገር ወደዚያ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ያውም እስከ በሩ ብቻ።

ከአምባው ማዶ ቸኮል የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ሴት ልጁን ብቻውን አሳደገ። እናትነሽ አላት። እናት በሌለችበት ቤት ሌላ ምን ይበላት? ልጅቱ እጇ የተባረከ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቷ የምትፈትለውን ፈትል አሮጊቶች እየመጡ ያዩላት ነበር።

ይሄ ወሬ አምባው ላይ ደረሰ። ወሬን መቼ ገደል ይከለክለዋል? ሁለት የቤተ መንግሥት ሰዎች መጡና ለእመቤቲቱ ፈታይ ትሆናለች ብለው ወሰዷት። ቸኮል እምቢ ይበል? ለማን ብሎ? እንዝርቷን አስያዛትና በዓመቱ በሩ ሲከፈት እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ አላት።

መጣም። ስሙ ቸኮል አይደል? ሌሊት ተነስቶ፣ ሰውን ሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ደረሰ። በረኛው ማንን እንደሚፈልግ ጠየቀው። እናትነሽን አለ። በረኛው ትንሽ አሰበና በዚህ ስም የምትጠራ ሴት እዚህ የለችም አለው። ቸኮል ለመነ፣ እግሩ ላይ ወደቀ። የለችም ተባለ። በሁለተኛው ዓመት መጣ። የለችም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ገደል ወጥቶ «የለችም»ን ተሸክሞ ወረደ። ሞታለች ብሎ እርሙን እንዳያወጣ ሬሳ የለ፣ አለች እንዳይል ድምፅ የለ። ከዚህ የባሰ ምን አለ? እስቲ ንገሩኝ።

በስምንተኛው ዓመት ንጉሡ በዘመቻ ሞተ ተባለ። በላዩ ላይ ፈንጣጣ ገባ። የሞተው ሞተ፣ የተረፈው አምባውን ጥሎ ወረደ። ቸኮል ይህን ሲሰማ ቀኑን አልጠበቀም፤ ብቻውን ተነሳ። ገደሉ ሥር ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። የታች ሰዎች እዚህ እደርና በጠዋት ትወጣለህ አሉት። የት ሰምቶ!

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያ በረኛ ግን አልሄደም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ቸኮል ያችኑ የየዓመቱን ጥያቄ ጠየቀ። በረኛው ያን ዕለት ምን እንደነካው እንጃ፣ በሰባት ዓመት ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀው። ልጅህ ምልክቷ ምንድነው አለው።

«ግራ እጇ አንጓ ላይ የእሳት ጠባሳ አላት» አለ ቸኮል። «ፈታይ ናት።»

በረኛው አፉን በእጁ ያዘ። «ይመጣልን ነው እንዴ የምትለኝ?» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስሙኝ። ያኔ በትልቅ ቤት አገልጋይ እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። ጌቶቹ ሌላ ስም ያወጡለታል፤ ስሙም መልስ አለው። ሲጠሩት «አቤት» አይልም፣ ያንን መልስ ነው የሚለው። እመቤቲቱ ባሏ ንጉሡ ዘማች ነውና ልቧ አያርፍም። ልጅቱን «ይመጣል» አለቻት። «ይመጣል!» ብላ ስትጠራት፣ ልጅቱ «አይቀርም» ማለት አለባት። እመቤቲቱ በዚያ ትጽናና ነበር። ልጅቱስ «አይቀርም» ስትል ስለ ንጉሡ ይመስላችኋል?

በረኛው አልደበቀም፣ ሁሉንም ነገረው። በዓመት በዓመት በሩ የሚከፈት ዕለት እንዝርቷን ይዛ ከግንቡ ኋላ ትቀመጥ ነበር። ማንን ትጠብቂያለሽ ሲሏት አባቴን ትላለች። የድሮ ስሟን ግን እንዳትናገረው ተከልክላለች፤ አምባው ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ግንብ ነበር በመካከላቸው፣ አንድ ግንብ ብቻ።

«በፈንጣጣው ሄደች» አለው በመጨረሻ። «ከእልፍኙ ጀርባ እኔው ቀበርኳት።»

ቸኮል አላለቀሰም። በረኛውን አልፎ ገባ። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ንጉሥ በተቀመጠበት የሌሊት ወፍ ይመላለሳል። እሱ ግን ግንብ ሊያይ አልመጣም።

«እናትነሽ!» ብሎ ተጣራ። ዝም። እናትነሽ፣ እኔ ነኝ አለ። ዝም። ሦስተኛም ተጣራ። ንፋስ ብቻ። ሰባት ዓመት ማንም ባልጠራት ስም እንዴት ብላ ትመልስ? ጊዜ ወሰደበት፣ አንደበቱ መረረው፣ ግን ያንን ሰዎች ያወጡላትን ስም ጠራ።

«ይመጣል!»

ከሩቅ፣ ከእልፍኙ ጀርባ፣ «አይቀርም» የሚል ድምፅ መጣ።

ደግሞ ጠራ። «አይቀርም።» አሁን ከአዳራሹ ውስጥ ነው። የእንዝርት ድምፅ ይሰማል። ነጭ ነገር አየ፤ ነጠላ ይሁን ባዘቶ አለየለትም፣ ብቻ ወደ እሱ ይቀርባል። እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር፣ አውቃለሁ። እሱ አባት ነው፤ ሦስተኛ ጠራ። ቀዝቃዛ እጅ እጁን ያዘው። ዳበሰው። ጠባሳው አለ።

«አባዬ፣ ቆየህብኝ» አለችው።

በረኛው በሩ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ድምፅ ሲሰማ አደረ፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዷ ትመልሳለች። ሲነጋ ወደ ውስጥ ገባ። ቸኮል መቃብሯ ላይ ተኝቶ ቀዝቅዟል። ከአንገቱ እስከ እግሩ በቀጭን ፈትል ተጠቅልሏል። ገነዘችው ይላሉ። እኔ እንዳይበርደው ነው እላለሁ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የአገሩ ሰዎች መጡና በደብሩ ይቀበር ብለው ሬሳውን ተሸክመው ወረዱ። ለደግ ብለው ነው። እሷን ማንም አላሰበም፤ እዚያው ቀረች። በሕይወት ለያዩአቸው፣ በሞትም ለያዩአቸው። ዛሬም ትጠብቃለች።

በረኛው ማን ይመስላችኋል? ቅድመ አያቴ ነው። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀርቶ ሰባት ዓመት ዘጋባቸው። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ እኔ ዘንድ ደርሷል፤ ነገ የምከፍትላችሁም እኔው ነኝ። ብቻችሁን እንዳትዞሩ። ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ኋላ ቢቀርና የት ሄደ ቢባል፣ ያቺን ቃል እንዳትሏት። እየደረሰ ነው በሉ። ሌላ ቃል ሞልቶ የለም እንዴ?

ቆየ እኮ ይሄ ሾፌራችሁ። ሱቁ እዚሁ ነው፤ ምን ነካው?

ምን አልሽ፣ ልጄ?

«ይመጣል» አልሽ?

ዝም በሉ። ማንም አይናገር። አሁን «አይቀርም» ያለው ማነው? እኔ አፌን አልከፈትኩም። ከውጭ ነው።

አትጩሁ። አንተ በር አጠገብ ያለኸው፣ ተነስና ክፈትላት። የኔ ዘር አንዴ ዘግቶባታል፤ ይበቃል።