ሰባት ዙር ክር

መርማሪዋ የታሸገውን መኝታ ክፍል ስትከፍትላት፣ ልጅቷ መርፌና ክር ይዛ የገባችው ለአንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የአባቷን ኮት የመጨረሻ ቁልፍ ለመስፋት። ሥራው ግን ተሠርቶ ጠበቃት።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ልቡ መድከሙን ሲያውቅ ቀብሩን እንደ ደንበኛ ትእዛዝ በደብተር ያዘው፤ የሳጥኑን እንጨት፣ ተሸካሚዎቹን፣ ማን ምን እንደሚናገር አንድ በአንድ ጻፈ። የሚቀበርበትን ኮትም ራሱ ሰፋ። ሦስተኛዋን ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ከተታትና፣ «ይህችን ስሞት አንቺ ትሰፊያታለሽ። ከዚያ በፊት የነካት ወዮለት» አላት። በቤቱ ይህን ያልሰማ አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለ ሞተ። ሐኪሙ ግን ዓይኖቹ ላይ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች አየና «ታፍኖ ነው» ብሎ ለፖሊስ ደወለ። ክፍሉ ያኔውኑ ታሸገ፤ አስከሬኑ ለምርመራ ሄደ፤ ቀብሩም ለነገ ተላለፈ።

መርማሪዋ ጉንፋን የያዛት፣ መሐረብ ከእጇ የማይለይ አጭር ሴት ነች። ኮቱን ሳትነካ ዞረችው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«ትናንት ምሳ ሰዓት አቧራውን አራገፍኩለት። ቁልፏ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ለሳጥኑ እንጨት ልመርጥ አናጢ ቤት ሄድኩ። ስመለስ አባዬ…» አልጨረሰችውም።

«አባትሽ ራሱ ሰፍቷት ቢሆንስ?»

«አባዬ? እሱ እሷን የሚሰፋት ሞቶ ነው!»

«እኔም የምለው እሱን ነው» አለች መርማሪዋ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የሰፋት ሰው፣ አባትሽ መሞቱን ከሁላችሁም ቀድሞ አውቋል።»

ትናንት በቤቱ የነበሩት ሦስት ናቸው። አስታማሚዋ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ሰልፍ እንዳቆያት ተናገረች። «እኔ መርፌ የማውቀው ክንድ ስወጋ ነው» አለች፤ የነጭ ጋዋኗ ቁልፍም በፕላስተር ነበር የተለጠፈው።

ሁለተኛው የልጅቷ ወንድም ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የደንበኛ ጨርቅ ሰርቀሃል ተብሎ ከቤት ተባሯል። በዚህ ሳምንት አባቱ አስጠርቶት ነው የመጣው።

«ሳሎን ቁጭ ብዬ እስኪነቃ ስጠብቀው ነበር» አለ፣ እህቱን ሳያያት። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን በልቶበታል።

ሦስተኛው የአባቷ የአርባ ዓመት ባልንጀራ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘው ሱቅ ጨርቅ ቆራጭ ናቸው። ሁሉም ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። መርፌ ከኮታቸው ኮሌታ ተለይቶ አያውቅም። ልጅቷን አዝለው ያሳደጉ ናቸው።

«ከሱቁ ንቅንቅ አላልኩም። መኝታ ቤቱን ከረገጥኩም ሳምንቴ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጁ በመጣ ሳምንት ሳይሞላ አባትየው ሞተ። ይህ ይጠፋሻል?» አሏት።

ልጅቷም በልቧ እንዲያ ብላ ነበር። ነገ ወንድሟ በካቴና ይታሰር ወይስ የአባቱን ሳጥን ይሸከም፣ የሚወሰነው ዛሬ ነው።

ከምሳ በፊት ሁሉም ሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ኮቱን ዘረጋችው።

«ከሱቁ በልብስ መለኪያው ክፍል አልፎ መኝታ ቤት የሚያስገባ በር አለ። በዚያ የገባን ሰው ሳሎን ያለ አያየውም። ይህችን ቁልፍ የሰፋት የለመደ እጅ ነው፤ አስታማሚዋን ፕላስተሯ፣ ልጁን ጣቶቹ ነፃ ያወጧቸዋል።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሰፊ ሁሉ የራሱ ዙር አለው፤ ከቁልፏ ሥር የተጠመጠመውን ክር ፍቺውና ቁጠሪ።»

ልጅቷ መፍታት ጀመረች። አባቷ አምስት ዙር ነበር የሚያዞረው። ጋሽ መቀስ ሰባት። «ሰባት የፈሪ ነው» እያለ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያበሽቃቸው ኖሯል። አምስት እንዲሆን ለመነች። ስድስተኛው ተፈታ። ሰባተኛውም ተፈታ።

አምስት ማለት ትችል ነበር። ቀና ስትል የወንድሟን ፊት አየች፤ ማንም እንዲያምነው መጠበቅ ካቆመ ቆይቷል።

«ሰባት» አለች።

መርማሪዋ የቀብሩን ደብተር ገለጠች። የተሸካሚዎቹ ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ አንስታ ከሥሩ ያለውን ባዶ ገጽ በስሱ አሸችው። አባቷ እርሳስ ሲይዝ ይጫን ነበርና ጽሑፉ ብቅ አለ።

«ሳጥኔን በራስጌ ልጄ ይያዝ። ጨርቁን ደብቆ በእሱ ያላከከው መቀስ ነው፤ ዛሬ ጠይቄው አምኗል። ከመቀበሬ በፊት ይህ በሰው ፊት ይነበብ፤ ልጄንም ይቅርታ ጠይቁልኝ።»

«ገጹ ቢቀደድ ደግሞ ይጽፈዋል» አለች መርማሪዋ። «ዝም የሚለው ከሞተ ብቻ ነው።»

ጋሽ መቀስ ጠረጴዛውን ተደገፉ። «ልጁ በመቀስ ከእኔ በልጦ ነበር» አሉ። «ቦታዬን ሊወስድ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ቁልፏንስ ምን አስነካህ?» አለች ልጅቷ። በሕይወቷ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ትራሱን ካነሳሁ በኋላ ኮቱን አየሁት» አለ። «ያላለቀ ልብስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እንዲያ ሆኖ ሊቀበር ነው ብዬ… አሳዘነኝ።»

አሳዘነኝ ማለቱ ከግድያው ይልቅ አንገበገባት። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ኮትህን ልበስ እንኳ አላለችውም።

ሱቁ ጭር ሲል በመርማሪዋ ፈቃድ ቁልፏን በምላጭ ቆርጣ አወጣችና የሰባቱን ዙር ክር ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። አዲስ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ግን አቃታት፤ እንባዋ ጋረዳት። ወንድሟ ከእጇ ተቀብሎ በሦስት ጣቱ ብዙ ታግሎ አስገባላት።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «እኔም ሌባ ነው ብያለሁ።»

እሱም የኮቱን ጫፍ ወጠር አድርጎ ያዘላት። ሰፋች፤ ጠመጠመች፤ ቋጠረች።

«ስንት አዞርሽ?» አላት።

«አምስት።»

«ይበቃዋል» አለና ኮቱን በክንዱ ታቀፈው።